ሰካራም ለሰካራም ዋስ የሆነበት ታሪክ

የወይን ጠጅ ከኖኅ ዘመን ጀምሮ ከሰው ልጅ ማዕድ ያልተለየ፥ በሠርግም በተዝካርም፥ በዓመት በዓልም በማኅበርም አብሮ የኖረ መጠጥ ነው፤ ነገር ግን ኖኅ ራሱ ወይኑን ተክሎ ከፍሬው በጠጣ ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን ተጥሎ እንደ ተገኘ ኦሪት ዘፍጥረት ስለሚነግረን፥ መጠጥና ውርደት ጎረቤታሞች መሆናቸው የታወቀው ትናንት አይደለም። ጠቢባን ስካርን ነቀፉ፥ ካህናት ገዘቱ፥ ነገሥታትም ዐዋጅ አወጁ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ግን መጠጥ መተው እየፈለገ መተው ያቃተውን ሰው፥ ማለዳ ምሎ ማታ የሚሰክረውን ምስኪን፥ በምን መንገድ እንደሚያቆሙት ያወቀ ለብዙ ዘመን አልተገኘም። ከዚህ በታች የሚተረከው፥ ይህ መንገድ በተለይ በአሜሪካ አገር እንዴት ሲፈለግ እንደ ኖረና በመጨረሻ በማን እጅ እንደ ተገኘ የሚያስረዳ ታሪክ ነው፤ ዘመኑም ሁሉ የተቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቀው።

ስካር የጠባይ ብልሹነት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ እንዳልሆነና የደዌ ባሕርይ እንዳለው አስቀድመው በጽሑፍ ከገለጹት አንዱ የፊላደልፊያው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ነው። ይህ ሰው በ1776 የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ ከፈረሙት መካከል የሚቈጠር ሲሆን፥ በ1784 ስለ ብርቱ መጠጦች በጻፈው መጽሐፍ፥ አረቄ በሥጋና በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዝርዝር ካመለከተ በኋላ፥ ልማዱ አንድ ጊዜ የሠለጠነበት ሰው ፈቃዱ የራሱ እንደማይሆን፥ ስለዚህም ከአረቄ ፈጽሞ መለየት እንዳለበት አስተማረ። ሆኖም ሐኪሙ ለበሽታው ስም አወጣለት እንጂ፥ በሽተኛው ከመሸታ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ እጁን ይዞ የሚመልሰው ጓደኛ አላዘጋጀለትም።

ከዚህ በኋላ የመሐላ ዘመን መጣ። በአየርላንድ፥ ኮርክ በምትባለው ከተማ የካፑቺን መነኵሴ የነበሩት አባ ቴዎባልድ ማቲው ኤፕሪል 10 ቀን 1838 ከመጠጥ ፈጽሞ የመታቀብን የቃል ኪዳን መዝገብ ከፍተው በራሳቸው እጅ ፈረሙ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ በፊታቸው እየተንበረከከ ማለ፥ ለምስክርነትም ሜዳሊያ ተቀበለ። ከባርነት አምልጦ በ1845 ወደ አየርላንድ የተሻገረው ዝነኛው ጥቁር ተናጋሪ ፍሬደሪክ ዳግላስ ሳይቀር ከእኚህ መነኵሴ እጅ መሐላውን ተቀብሏል። ነገር ግን በዚያው ዓመት የድንቹን አዝመራ በሽታ መትቶት ታላቁ ረኃብ በገባ ጊዜ፥ ሕዝቡም በሞትና በስደት በተበተነ ጊዜ፥ መሐላው እየላላ ሄደ። ጥፋቱ የመነኵሴው አልነበረም፤ ዛሬ በእልፍ ሕዝብ መካከል ተንበርክኮ የሚምል ሰው፥ ነገ ጥማቱ ሲነሣበት ብቻውን የሚቀር ስለ ሆነ ነው።

አየርላንድ በመሐላ ስትናወጥ በነበረበት በዚያው ዘመን፥ በ1840 በወርኃ ኤፕሪል፥ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በአንድ መሸታ ቤት ስድስት ወዳጆች ተቀምጠው ይጠጡ ነበር፤ ከእነሱም መካከል ልብስ ሰፊ፥ አናጢ፥ ሠረገላ ሠሪ፥ ብር አንጥረኛና ብረት ቀጥቃጭ ይገኙ ነበር። መጠጥ ስለ መተው የሚያስተምር አንድ ሰባኪ በከተማው እንደሚናገር ሰምተው፥ ለሣቅ ያህል ከመካከላቸው ጥቂቶቹን «ሂዱና ሰምታችሁ ንገሩን» ብለው ላኩ፤ የተላኩት ተመልሰው የሰሙትን ባወሩ ጊዜ ነገሩ ክርክር አስነሣ፥ ውሎ አድሮም ስድስቱ ሁሉ አንዳች የሚያሰክር ነገር ላይቀምሱ ተፈራረሙና ማኅበራቸውን በጆርጅ ዋሽንግተን ስም ሰየሙት። በዚህ ማኅበር ጉባኤ ላይ እየተነሡ የሚናገሩት ትናንት በቦይ ውስጥ ወድቀው ያደሩ ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ የደረሰበትን ሳይሸፍን ይተርክ፥ አዲስ የመጣውንም ሰካራም ልብስና ሥራ እየፈለጉለት ያቋቁሙት ጀመር። አብርሃም ሊንከንም ገና የ33 ዓመት ጠበቃ ሳለ፥ ፌብሩወሪ 22 ቀን 1842 በስፕሪንግፊልድ ከተማ በዚህ ማኅበር ፊት ባደረገው ንግግር፥ ሰካራም በርግማንና በኵነኔ እንደማይመለስ፥ ልቡን የሚከፍተው እንደ ወዳጅ ለሚቀርበው ሰው መሆኑን አስረድቶ ነበር።

ዋሽንግተናውያኑ የመንገዱን ጫፍ ይዘውት ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን አላጸኑትም። ሰካራምን ከወደቀበት ማንሣት የሚለውን አንድ ሥራቸውን ትተው፥ መጠጥ በሕግ ይከልከል ወይስ አይከልከል በሚለው የፖለቲካ ሙግት ገቡ፥ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ጋር ተጣሉ፤ በአደባባይ ስማቸው ከገነነላቸው ተናጋሪዎችም አንዳንዶቹ ተመልሰው ሰክረው በተገኙ ጊዜ፥ የአንዱ ሰው ውድቀት የማኅበሩ ሁሉ ኀፍረት ሆነ። ስለዚህ በእልፍ አእላፍ የተቈጠረው ማኅበር አሥር ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ከሰካራሙ እጅ ወጥቶ በሕግ አውጪዎች እጅ ገባ። በ1874 የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር፥ በ1893 ደግሞ መሸታ ቤቶችን የሚቃወም ሌላ ማኅበር ተቋቁመው ለብዙ ዓመታት ከታገሉ በኋላ፥ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 18ኛ ማሻሻያ ጃንዩወሪ 17 ቀን 1920 በሥራ ላይ ዋለና የሚያሰክር መጠጥ መሥራትም፥ መሸጥም፥ ማመላለስም በአገሩ ሁሉ ተከለከለ። ዐዋጁ በመጀመሪያ የጠጪውን ቍጥር ቢቀንስም፥ መጠጡ ከመደብር ወጥቶ ወደ ጓዳ ገባ፤ ኮንትሮባንዲስቱ ከበረ፥ ፖሊሱና ዳኛው በጉቦ ተበላሹ፥ በመጨረሻም ሕጉ ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ተሻረ። ወደ 14 ዓመት የቈየው ይህ ዐዋጅ በሕግ ጠርሙስን ከገበያ ማንሣት እንጂ ጥማትን ከሰው ልብ ማንሣት እንደማይቻል ለሁሉ አሳየ።

ሕጉ በነበረበት ዘመን ሁሉ ሳይጠጣ ካልዋሉት አንዱ ዊልያም ዊልሰን፥ ወዳጆቹ ቢል እያሉ የሚጠሩት ሰው ነበር። ኖቬምበር 26 ቀን 1895 በቨርሞንት ግዛት ኢስት ዶርሴት በምትባል መንደር ተወልዶ፥ ወላጆቹ ስለ ተለያዩ ከእናቱ አባትና እናት ዘንድ አደገ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ መኰንን ሆኖ ሳለ በ1917 በአንድ ግብዣ ላይ መጠጥ ቀመሰና፥ ከሰው ጋር መቀላቀል ይጨንቀው የነበረው ወጣት ያን ለት ምላሱ ተፈታ፥ ልቡም ሞቀ። ከጦርነቱ ተመልሶ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የኩባንያዎችን ሁኔታ እየመረመረ ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ በ1929 ገበያው በወደቀ ጊዜ ግን ሀብቱ እንደ ጉም ተነነ፥ ልማዱ ብቻ ቀረ። ሚስቱ ሎይስ በሱቅ ሠራተኝነት ተቀጥራ ቤቱን ስታስተዳድር፥ እሱ ከቦርሳዋ ገንዘብ እየሰረቀ ይጠጣ ነበር። በቤታቸው በነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጽ ላይ «ከእንግዲህ አልጠጣም» የሚል ቃል ደጋግሞ በገዛ እጁ ጽፎ ፈርሟል፤ ቃሉን ሲጽፍ የዋሸ አልነበረም፥ ሲያፈርሰውም ለምን እንዳፈረሰው ራሱ አያውቅም ነበር።

በ1934 በኖቬምበር ወር መጨረሻ፥ ኤቢ ታቸር የሚባል የቀድሞ የመጠጥ ጓደኛው በብሩክሊን ወደሚገኘው ቤቱ መጣ። ቢል በደስታ ተቀብሎ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጂን ከአናናስ ጭማቂ ጋር ቀላቅሎ ቢያቀርብለት፥ ኤቢ ጽዋውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፥ እሱ ሃይማኖት ማግኘቱንና ከዚህ ነገር መለየቱን ነገረው። ኤቢ በዚህ ጊዜ ፍራንክ ቡክማን የተባለ የሉተራን ሰባኪ ባቋቋመው የኦክስፎርድ ጓድ በሚባል ማኅበር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የማኅበሩም ሥርዐት ኀጢአትን ለባልንጀራ መናዘዝ፥ የበደሉትን መካስ፥ ለሌላው ማገልገልና መጸለይ ነበር። ኤቢን ወደዚያ ካመጡት ሰዎች አንዱ ደግሞ በስዊስ አገር በታላቁ የነፍስ ሐኪም በካርል ዩንግ ዘንድ ታክሞ፥ ሐኪሙ በሕክምና ተስፋ እንደሌለውና የሚያድነው ምናልባት ልቡን ከመሠረቱ የሚለውጥ መንፈሳዊ ነገር ብቻ መሆኑን ቍርጡን የነገረው ነጋዴ ነበር። ቢል ሃይማኖትን ሲንቅ የኖረ ሰው ስለ ነበረ ስብከቱ አልገባውም፤ አንድ ነገር ግን ከኅሊናው ሊወጣ አልቻለም፥ ይኸውም በፊቱ የተቀመጠው ሰው እንደ እሱ ያለ ሰካራም የነበረ፥ አሁን ግን ዐይኑ የጠራ መሆኑ ነው።

ዲሴምበር 11 ቀን 1934 ቢል ለአራተኛ ጊዜ በኒው ዮርክ ወደሚገኘው ታውንስ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም ቀን ወዲህ እስኪሞት ድረስ መጠጥ አልቀመሰም። በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተስፋ ቈርጦ ወደ እግዚአብሔር በጮኸ ጊዜ ክፍሉ በብርሃን እንደ ተመላና በተራራ ራስ ላይ የቆመ ያህል ነፋስ እንደ ነፈሰበት ተናግሯል፤ አብጄ ይሆን ብሎ ዶክተር ዊልያም ሲልክዎርዝን ቢጠይቃቸው፥ እኚህ ሽማግሌ ሐኪም ያገኘውን ነገር አጥብቆ እንዲይዝ መከሩት። ከሆስፒታሉ እንደ ወጣ ሰካራም ባየበት ሁሉ እየተከተለ ስለዚያ ብርሃን ይሰብክ ጀመር፤ አምስት ወር ያህል ቢደክምም አንድ ሰው እንኳ አልተመለሰለትም። ዶክተር ሲልክዎርዝ ስብከቱን ትቶ አስቀድሞ ስለ በሽታው እንዲናገር፥ ይኸውም መጠጡ በሥጋቸው ላይ እንደ መርዝ መሆኑንና አእምሮአቸውም እየጐተተ ወደ እሱ እንደሚመልሳቸው እንዲገልጽላቸው ነገሩት። ሎይስ ደግሞ ስላልዳኑት ሲያማርር፥ እሱ ራሱ በዚህ ሁሉ ጊዜ አለመጠጣቱን አሳሰበችው።

የእነዚህ ሁለት ምክሮች ትርጓሜ የተገለጸለት በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ ነው። በሜይ 1935 የጎማ መሥሪያ መኪና የሚሠራ አንድ ፋብሪካ በእጁ እንዲገባ ለሚደረግ የአክሲዮን ሙግት ወደዚያ ሄዶ ሳይሳካለት ቀርቶ፥ ባልንጀሮቹ ጥለውት ተመለሱ፤ ቅዳሜ ሜይ 11 ቀን፥ በኪሱ 10 ዶላር ያህል ይዞ፥ በሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር። በአዳራሹ አንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሣቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፤ በሌላው ወገን የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ስምና የስልክ ቍጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቢል በዚያች ሰዓት ሊወድቅ እንደ ሆነ ዐውቆ ፈራ፤ በፍርሀቱም መካከል ለሰካራሞቹ መስበኩ እነሱን ባያድን እንኳ እሱን ጠብቆት እንደ ኖረ ትዝ አለው። ስለዚህ አሁን የሚያስፈልገው ሌላ ሰካራም ነበር። ወደ ስልኩ ሄዶ ከሰሌዳው ላይ ያገኘውን አንድ ቄስ ጠራ፤ ቄሱም የሰዎችን ስም ሰጡት፥ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍም ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ ከምትባል የኦክስፎርድ ጓድ ሴት ደረሰ። እሷም ያን ጊዜ ስለ አንድ ሰካራም ሐኪም ስትጸልይ የሰነበተች ስለ ነበረች፥ ጥሪውን እንደ ጸሎቷ መልስ ቈጥራ ተቀበለችው።

ሐኪሙ ዶክተር ሮበርት ስሚዝ፥ በዘመዶቹ አጠራር ዶክተር ቦብ፥ የ55 ዓመት የቀዶ ጥገና ባለሙያ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከዚያው ማኅበር ጋር እየጸለየ፥ መጽሐፍም እያነበበ ቢኖር መጠጡን አልተወም። ማግሥቱ እሑድ በአሜሪካኖች ዘንድ የእናቶች በዓል ነበር፤ በዋዜማው ለሚስቱ ለአን ተክል የተተከለበት ማሰሮ ገዝቶ ቤቱ ሲገባ፥ ማሰሮው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፥ እሱ ግን ከስካሩ ብዛት የተነሣ ከመሬት ወድቆ ቀረ። እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እጁ እየተንቀጠቀጠ፥ ከሩብ ሰዓት በላይ እንደማይቈይ ሚስቱን አስምሎ፥ ቢል ወደሚጠብቅበት ወደ ሄንሪዬታ ቤት መጣ፤ የወጣው ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያች ክፍል ውስጥ ቢል አልሰበከም። ስንት ጊዜ እንደ ማለ፥ እንዴት እንደ ዋሸ፥ ሚስቱን እንዴት እንዳስለቀሰ የራሱን ታሪክ አወራ፤ አክሎም ወደዚህ የመጣሁት አንተን ላድን ሳይሆን ራሴ እንዳልጠፋ ነው የሚል ነገር ገለጸለት። ዶክተር ቦብ ስለ ስካር ብዙ ሊቃውንት ሲናገሩ ሰምቶ ነበር፤ በራሱ ላይ ከደረሰው የተነሣ የሚናገር ሰው ሲሰማ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። በአገራችን ሥርዐት ባለ ዕዳ ዋስ ሲጠራ ዕዳ የሌለበትን፥ የታፈረና የተከበረ ሰው ይመርጣል፤ በአክረን ከተማ ግን ሁለት ባለ ዕዳዎች እርስ በርሳቸው ተዋዋሱ፥ ዋስትናውም ጸና።

ወዲያው ያለ ፈተና አልጸናም። ቢል በዶክተሩ ቤት እንግዳ ሆኖ እንደ ተቀመጠ፥ ዶክተር ቦብ በጁን ወር ወደ አትላንቲክ ሲቲ ለሐኪሞች ጉባኤ ሄዶ ሰክሮ ተመለሰ። ቀዶ ጥገና የሚያደርግበት ቀን ደርሶ ስለ ነበረ ቢልና አን አስታመሙት፤ በዕለቱ ማለዳ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ቢል ራሱ አንድ ጠርሙስ ቢራ ሰጠውና፥ በሽተኛው በተኛበት ሆስፒታል በር ላይ አደረሱት። ሥራው ካለቀ በኋላ ዶክተሩ ለብዙ ሰዓት ሳይመለስ ስለ ቀረ ሁለቱ በጭንቀት ጠበቁት፤ እሱ ግን አበዳሪዎቹንና የበደላቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየዞረ ይቅርታ ሲጠይቅና ለመካስ ቃል ሲገባ መዋሉ ታወቀ። ከሁለቱ የተወለደው ማኅበር የልደት ቀኑን የሚቈጥረው ከዚያ ዕለት፥ ከጁን 10 ቀን 1935 ነው፤ ያም ጠርሙስ የዶክተር ቦብ የመጨረሻ መጠጥ ሆነ። በዚያው ወር ሁለቱ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሄደው፥ ነርሶችን ስለ መታ ከአልጋው ጋር ታስሮ የነበረ አንድ ጠበቃ ጎብኝተው አነጋገሩ፤ ጠበቃውም ከሆስፒታሉ ከወጣ በኋላ ዳግመኛ ሳይጠጣ ኖሮ ሞተ። እንዲህ ሁለቱ ሦስት ሆኑ።

በ1937 ስማቸውን ቢቈጥሩ በኒው ዮርክና በአክረን መጠጥ ትተው የቈዩት 40 ያህል ሆነው ተገኙ። ነገሩ በቃል ሲተላለፍ እንዳይበላሽ መጽሐፍ እንዲጻፍ ተስማሙና፥ በ1938 በዲሴምበር ወር ቢል አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፥ እርሳስና ወረቀት ይዞ፥ በግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ዐሥራ ሁለቱን ደረጃዎች ጻፈ። የደረጃዎቹ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው በመጠጥ መሸነፉን ያምናል፤ ከእሱ የሚበልጥ ኀይል ሊመልሰው እንደሚችል ተስፋ ያደርጋል፥ ፈቃዱንም ለዚያ ይሰጣል፤ የኖረበትን ሕይወት መርምሮ ለእግዚአብሔርና ለአንድ ሰው ይናዘዛል፤ የበደላቸውን ይክሳል፤ በየቀኑ ራሱን ይመረምራል፥ ይጸልያል፤ በመጨረሻም ያገኘውን ለሌላው ሰካራም ያደርሳል። ጸጸት፥ ኑዛዜና ካሳ በቤተ ክርስቲያን ንስሓ ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ የመጨረሻው ደረጃ ግን የዳነውን ሰው ወዲያው አገልጋይ ስላደረገው ማኅበሩን ከመበተን ጠበቀው። ከመካከላቸው እግዚአብሔርን የማያምኑ ስለ ነበሩና አጥብቀው ስለ ተከራከሩ፥ እያንዳንዱ እግዚአብሔርን እንደሚረዳው መጠን እንዲረዳው ተጽፎ በሩ ሰፋ። መጽሐፉ በኤፕሪል 1939 በ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ዋጋ ሲወጣ ማኅበሩም በእሱ አርእስት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፥ ስማቸው ያልተገለጸ ሰካራሞች ተባለ። በዚያው ወር ባንኩ የቢልንና የሎይስን ቤት ስለ ወሰደባቸው፥ መጽሐፉ ሳይሸጥ ተከምሮ ሳለ ባልና ሚስቱ በወዳጆቻቸው ቤት እየተዘዋወሩ ሁለት ዓመት ያህል ኖሩ።

በዚያው በ1939 በኦገስት ወር በአክረን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል፥ የበሽተኞች መዝጋቢ የነበሩት አየርላንዳዊት መነኵሲት ሲስተር ኢግናሺያ ከዶክተር ቦብ ጋር ተስማምተው አንድ ሰካራም አስገቡ። ሆስፒታሎች ሰካራምን እንደ በሽተኛ ለመቀበል ይጸየፉ ስለ ነበረ፥ ሲስተር አልጋውን አበባ በሚዘጋጅበት ትንሽ ክፍል ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1950 ድረስ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች በሁለቱ እጅ አለፉ፤ ዶክተር ቦብም ስለ ድካሙ ዋጋ አልጠየቀም። ሲስተር እያንዳንዱን ሲያሰናብቱ የክርስቶስ ቅዱስ ልብ የተሣለበት ምልክት ይሰጡትና፥ ዳግመኛ ለመጠጣት ቢያስብ አስቀድሞ ይህን ምልክት በእጁ ይዞ መጥቶ እንዲመልስላቸው ያስጠነቅቁት ነበር።

ማርች 1 ቀን 1941 ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት የተባለው ታላቅ መጽሔት ስለ ማኅበሩ ጻፈ። ጸሐፊው ጃክ አሌክሳንደር ማጭበርበር ያለበት መስሎት በጥርጣሬ የመጣ ቢሆንም፥ ያየው ነገር አሳምኖት በጎውን መሰከረ፤ በዓመቱ መጀመሪያ 2,000 የነበረው የአባላት ቍጥርም በዓመቱ መጨረሻ 8,000 ደረሰ። ሴቶችም መጡ፤ ከእነሱም ማርቲ ማን በ1944 ስካር በሽታ መሆኑን ለሕዝብ የሚያስተምር ሌላ ድርጅት አቋቋመች። በ1945 በዋሽንግተን ከተማ፥ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው ይኖሩ በነበረበት ዘመን፥ አንድ ጥቁር ሐኪም ራሱ ከመጠጥ ከዳነ በኋላ ለወገኖቹ የሚሆን ጉባኤ መሠረተ።

ቢል የዋሽንግተናውያኑን ታሪክ አጥንቶ ስለ ነበረ፥ ማኅበሩ ሲሰፋ ያው ውድቀት እንዳይደርስበት ፈራ፤ ስለዚህ በ1946 ዐሥራ ሁለት የትውፊት ደንቦችን ጽፎ አወጣ፥ በ1950ም በጁላይ ወር በክሊቭላንድ በተደረገው ጉባኤ ጸደቁ። በእነዚህ ደንቦች መሠረት ለአባልነት የሚፈለገው መጠጥ የመተው ምኞት ብቻ ነው፤ ማኅበሩ ከውጭ ገንዘብ አይቀበልም፥ በፖለቲካና በሃይማኖት ክርክር አይገባም፤ አባሎቹም በጋዜጣና በሬዲዮ ስማቸውን አይገልጹም። ዶክተር ቦብ በካንሰር ታሞ ሳለ በዚህ ጉባኤ ተገኝቶ፥ ነገሩን በክርክር እንዳያወሳስቡት ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ኖቬምበር 16 ቀን 1950ም ከ15 ዓመት ንጽሕና በኋላ ዐረፈ። በ1951 ሎይስ ከአንዲት ባልንጀራዋ ጋር ለሰካራሞች ሚስቶችና ቤተ ሰቦች የሚሆነውን አል አኖን የተባለውን ማኅበር አቋቋመች፤ የሰካራም ቤት ከጠጪው ጋር አብሮ የታመመ መሆኑን ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረምና። በ1954 የዬል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሊሰጠው ቢጠይቀው ቢል እምቢ አለ፤ በ1955 በሴንት ልዊስ ጉባኤ አመራሩን ለአባሎቹ አስረከበ። ጃንዩወሪ 24 ቀን 1971፥ በጋብቻው 53ኛ ዓመት በዓል ቀን፥ ሲጋራ በጎዳው ሳንባው ሕመም ሞተ፤ ሙሉ ስሙንም ጋዜጦች ለዓለም የገለጹት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ይህ ማኅበር በ180 ያህል አገሮች 2 ሚሊዮን ያህል አባላት አሉት። ሊቃውንትም ነገሩን በሚዛን መዝነውታል፤ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ምርምሮችን የሚመረምር ድርጅት በ2020 ባወጣው ዘገባ፥ በ27 ጥናቶች ውስጥ የገቡትን 10,565 ሰዎች ተመልክቶ፥ ወደዚህ ማኅበር እየተመሩ የታከሙት በሌላ የታወቀ ሕክምና ከታከሙት ይልቅ ፈጽሞ ሳይጠጡ በመቈየት እንደሚበልጡ ገልጿል። ይህ ማለት ግን ለሁሉ ሰው አንድ መንገድ ብቻ አለ ማለት አይደለም፤ በመድኀኒትና በሐኪም ምክር የሚድኑ፥ በሌላም ማኅበር የሚጸኑ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው፦ ዕውቀት፥ መሐላና ሕግ እያንዳንዳቸው ጥቂት ይረዳሉ፥ ብቻውን የቀረውን ሰው ግን አያቆሙትም። አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ወይም በወዳጆችህ መካከል በመጠጥ የተያዘ ሰው ቢኖር፥ በታቦት ስም አስምለኸው ዘወር አትበል፤ ከእሱ አስቀድሞ ወድቆ የተነሣ ሰው ፈልገህ አገናኘው። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ከሆነ ደግሞ፥ መጠጡን በድንገት ሲያቋርጥ መንቀጥቀጥ፥ መቃዠትና መንፈራገጥ ሊመጣበት፥ ይህም እስከ ሞት ሊያደርሰው ስለሚችል፥ አስቀድመህ ወደ ሐኪም ውሰደው። አንተም መጠጥ ትተህ በደኅና የምትኖር ብትሆን፥ ኀፍረት አፍህን አይያዘው፤ ታሪክህን ለሚያስፈልገው አንድ ሰው ንገር፥ እሱን ስትጠብቅ አንተም ትጠበቃለህና።